የአረም መድኃኒቱ ወደ ጉድጓድዎ እንዳይወርድ

ነሐሴ ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት፣ ከማክሰኚት እስከ ቆላ ድባ የተጓዘ ሰው መርጫ በጀርባው ያዘለ ገበሬ ሳያይ አይመለስም። ወሩ ጤፉና ስንዴው በአረም የሚታፈንበት ነው፤ አራሚ እጅ ግን የለም። ጉልበት ያለው ወጣት ሰሊጥ ሊያርም መተማና ሁመራ ወርዷል፤ የቀረውም የቀን ሒሳቡ አይቀመስም። ስለዚህ ቱፎርዲ ይገዛል፣ ግላይፎሴት ይገዛል። ይህ መመሪያ አትግዙ አይልም። የሚለው ሌላ ነው፦ የሚረጨው ቤተሰብና ከማሳው ግርጌ ካለው ጉድጓድ የሚቀዳው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የክረምቱም ዝናብ የሚወርደው በሁለቱ ላይ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልናገር። አውሮፓ ውስጥ ለዓመታት የተደረጉ ክትትሎች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ በወንዝና በጅረት ውሃ ከሚገኘው ፀረ-አረም ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ማሳው መሃል የተረጨው አይደለም፤ መርጫው ሲሞላ የፈሰሰው፣ ሲታጠብም የተደፋው ነው። ለእኛ የእጅ ጉድጓድም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ሁሉንም ማድረግ ካልቻሉ፣ ከታች ስለ መሙያና ማጠቢያ ቦታ የተጻፈውን ብቻ ያድርጉ።

መጀመሪያ፦ ከእግርዎ በታች ያለውን ይወቁ

ዶማ ይያዙና ከማሳው ራስጌ፣ መሃልና ግርጌ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፍሩ። አፈሩ ስንት ስንዝር ሄዶ ድንጋይ ያገኛል? ቀለሙ ምንድን ነው? እርጥቡን ጭብጥ አድርገው ሲያሹት እንደ ገመድ ይረዝማል ወይስ ይፈረፈራል?

ቀይ አፈር ከሆነና ጥልቀት ካለው ዕድለኛ ነዎት። ቀይ ያደረገው ብረት ግላይፎሴትን አጥብቆ ይይዛል፤ ውሃም በዝግታ ስለሚያልፍበት በአፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ኬሚካሉን ለመሰባበር ጊዜ ያገኛሉ።

ጭንጫ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። በወገራና በደባርቅ ተዳፋቶች ብዙ ቦታ አፈሩ ሁለት ስንዝር ሳይሞላ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ይመጣል። ስንጥቁ ውስጥ የገባ ውሃ አይጣራም፤ የሚይዘው አፈር፣ የሚሰባብረው ሕዋስም የለም። በአንድ በኩል ገብቶ ከቁልቁለቱ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ እርስዎ የረጩትን የሚጠጣው ከታች ያለው ጎጥ ሊሆን ይችላል።

ዋልካው ግን ሰው የሚታለልበት ነው። የደምቢያ ሜዳ ዋልካ ሐምሌ ላይ ሲያዩት ውሃ አያሳልፍም፤ ኩሬ ይቋጥራል። ስለዚህ «ወደ ታች የሚወርድ ነገር የለም» ይባላል። ግንቦት ላይ ይምጡና ይዩት፦ እጅ የሚያስገባ፣ በርዝመቱ ከጉልበት በላይ የሚወርድ ንቃቃት ነው። የሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ አፈሩ አብጦ ንቃቃቱን እስኪዘጋው ድረስ ውሃው የላይኛውን አፈር ሳይነካ በቀጥታ ወደ ታች ይሮጣል። በዚያ ጊዜ ላዩ ላይ ኬሚካል ካለ አብሮ ይሄዳል። አፈር አጥብቆ ይይዘዋል የሚባለው ኬሚካል እንኳ ከአፈር ሸክላው ጋር ተጣብቆ በንቃቃቱ ሊወርድ ይችላል።

ከዚያ ውሃው የት እንዳለ ይለኩ። ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው ወደ ጉድጓዱ ይልቀቁ፤ ውሃው እስኪነካ ድረስ የወረደውን በክንድ ወይም በሜትር ይለኩ። ሁለት ጊዜ ይለካል፦ በመስከረም መጨረሻ ውሃው ከፍ ሲል፣ በግንቦት ደግሞ ሲሸሽ። የመስከረሙ ልክ ከአምስት ሜትር ካነሰ፣ በዙሪያው ያለውን ማሳ ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዳለ ይቁጠሩት። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ከኔዘርላንድሱ ዋኽኒንገን ተቋም ጋር ሆና ለፀረ-ተባይ ምዝገባ ያዘጋጀችው የስጋት መገመቻ ዘዴ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቆፈሩ ጥልቀት የሌላቸውን ጉድጓዶችና በትናንሽ ወንዞች ዳር ደለል ውስጥ ያሉትን ለይቶ ይመለከታቸዋል። የወገራው ጉድጓድ የመጀመሪያው ዓይነት፣ የመገጭ ወንዝ ዳሩ ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛ፦ ጠርሙሱ ላይ የንግድ ስሙን ሳይሆን የውስጡን ያንብቡ

የንግድ ስም በየዓመቱ ይለዋወጣል። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ዋናውን ንጥረ ነገር ይፈልጉ። ማንበብ ከቸገረዎ ተማሪ ልጅ ያስነብቡ ወይም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። በሀይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት ከሆነ አይግዙ፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት እጥፍ እንደሆነ ሻጩም በትክክል አያውቀውም። በፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥ ክልክል ነው፤ ፀረ-አረምም በዚሁ ሥር ይገባል።

አሁን ስሞቹን ከአፈሩ ጋር እናገናኝ። አንድ ደህና ለም አፈር ይውሰዱና 100 ሚሊ ሜትር ውሃ ወደ ታች ያልፍበታል እንበል። ውሃው ራሱ አፈሩ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቱፎርዲ አብሮት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አትራዚን 5 ያህል። ግላይፎሴት ግን አፈሩ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ቁጥሩ እንደ አፈሩ ልምላሜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

«ታዲያ ቱፎርዲ ከሁሉ የከፋ ነው ማለት ነው?» አይደለም። ሩጫው ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም ይቆጠራል። ሕይወት ያለው ሞቅ ያለ አፈር ውስጥ የቱፎርዲ ግማሹ በአሥር ቀን ገደማ ይሰባበራል። አትራዚን ግማሹ እስኪጠፋ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል፤ በዚህ መካከል ክረምቱ ሙሉውን ይወርድበታል። ስለዚህ ለበቆሎና ለማሽላ ከኤስ-ሜቶላክሎር ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠው አትራዚን ከሁሉም ይልቅ ለከርሰ ምድር ውሃ ያሳስባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. አትራዚንን ከገበያ ያስወጣው በዚሁ፣ በከርሰ ምድር ውሃ ምክንያት ነው። በስንዴ ላይ ሲናርን የሚያጠፋው ፓላስ ደግሞ በአፈር ውስጥ በቀላሉ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ግን በሄክታር የሚያርፈው ዋናው ንጥረ ነገር 20 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ቶሎም ስለሚሰባበር፣ በልኩ ከተረጨ ስጋቱ ዝቅ ይላል።

ሁለት ነገር ግን ይህን ሒሳብ ያበላሻል። አንደኛው ብርድ ነው፤ በደባርቅ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ላይ፣ ሕዋሳቱ እንደ ቆላው አይሠሩም፤ አሥር ቀን የተባለው ይረዝማል። ሁለተኛው ጥልቀት ነው፦ ኬሚካሉ ከሥር ወሰን በታች አንዴ ካለፈ የሚሰባብረው ሕዋስ እያነሰ ይሄዳል፣ ውሃው ጋ ከደረሰ ደግሞ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ግላይፎሴትን በተመለከተ የሚሰማው «አፈር ሲነካ ይሞታል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። አይሞትም፤ ይጣበቃል። የተጣበቀበት አፈር በጎርፍ ከታጠበ ኬሚካሉም አብሮ ይታጠባል። በጎንደር ዙሪያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ከላይ ካሉት እርሻዎች በሚመጣ ደለል እየተሞላ እንደሆነ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በተዳፋት ማሳ ላይ የግላይፎሴት ጉዳይ የጉድጓድ ሳይሆን የጎርፍ ጉዳይ ነው፤ የቱፎርዲና የአትራዚን ደግሞ የጉድጓድ።

እርከንም በዚህ ምክንያት ሁለት ፊት አለው። አፈሩን ያስቀራል፣ ግላይፎሴቱንም ያስቀራል። በአንጻሩ ከእርከኑ ጀርባ ያለው ቦይ ውሃ አቁሮ ወደ መሬት ስለሚያሰርግ፣ በውሃ የሚሟሟውን ቱፎርዲ ወደ ታች ይገፋል። እርከን አይፍረስ፤ ግን ቦዩ ውስጥና በቦዩ ዳር አንድ ሜትር ያህል አይርጩ። እዚያ የበቀለውን አረም በእጅ ይንቀሉት ወይም ለከብት ይጨዱት።

ሦስተኛ፦ ቀኑን ይምረጡ

በደጋው ዝናብ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ረፋድ ላይ ይርጩ። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ዝናብ የማይነካው ቢሆን ቅጠሉ ይጠጣዋል፤ ቅጠል የጠጣው ደግሞ ወደ ጉድጓድ አይወርድም። ከባድ ዝናብ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ወይም መሬቱ ጠግቦ ውሃ እየቋጠረ ከሆነ፣ ሁለት ቀን ይታገሡ። አረሙ በሁለት ቀን አያመልጥም፤ በጎርፍ የሄደው መድኃኒት ግን ገንዘብ ነው።

ዋልካ ላይ ደግሞ ንቃቃቱ አፉን ከፍቶ እያለ አይርጩ። ወይ አርሰው ንቃቃቱን በላይኛው አፈር ይዝጉት፣ ወይ ዝናቡ መሬቱን እስኪያሳብጠው ይጠብቁ።

አራተኛ፦ ልኩን በውሃ ይሞክሩ

መጠን የሚበዛው አብዛኛውን ጊዜ በስስት ሳይሆን ባለመለካት ነው። መርጫውን ንጹሕ ውሃ ሞልተው አሥር በአሥር ሜትር የሆነ ቦታ በተለመደው እርምጃዎ ይርጩ። ሁለት ሊትር ከወሰደ፣ በሄክታር 200 ሊትር እየረጩ ነው። በጠርሙሱ ላይ በሄክታር አንድ ሊትር ይበቃል ተብሎ ከተጻፈ፣ ባለ 15 ሊትሩ መርጫዎ የሚፈልገው 75 ሚሊ ሊትር ነው። ለሩብ ሄክታር በጠቅላላ 250 ሚሊ ሊትር። በጠርሙስ ክዳን ግምት አይለኩ፤ መለኪያ ሲኒ ይግዙ፣ ለሌላም ነገር አይጠቀሙበት። እርምጃዎ ሲቀየር ልኩም ይቀየራል፤ በየዓመቱ አንዴ ይሞክሩት።

አምስተኛ፦ የሚሞሉበትና የሚያጥቡበት ቦታ

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ነገር እዚህ ስለሆነ ቁጥሩን አብረን እንሥራ። አንድ ሜትር ስፋት ያለውና ሦስት ሜትር ውሃ የያዘ የእጅ ጉድጓድ 2,350 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሊትር 720 ግራም ያለው ቱፎርዲ ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሃያ ጠብታ ያህል፣ 720 ሚሊ ግራም ነው። ያ ሃያ ጠብታ ጉድጓዱ ውስጥ ቢገባ በአንድ ሊትር ውሃ 300 ማይክሮግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቱፎርዲ ወሰን 30 ማይክሮግራም ነው። አሥር እጥፍ።

ሃያ ጠብታ እንዴት ይገባል? የመርጫው ቱቦ ወይም ባልዲው መድኃኒት ነክቶት ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ይገባል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቀላቀል ፈስሶ፣ ማታ በዝናብ ታጥቦ ይገባል። መርጫው እዚያው ታጥቦ እጣቢው ሲደፋ ይገባል። በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው ደግሞ መርጫውን በፓምፑ ቱቦ ሲሞላና ቱቦው መርጫው ውስጥ እያለ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ ውሃውን በተለየ ጀሪካን ቀድተው ወደ ማሳው ይውሰዱ፤ መርጫውን ወደ ውሃው አይውሰዱ። የሚቀላቀልበት ቦታ ከጉድጓድ፣ ከምንጭ፣ ከቦይና ከወንዝ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃው ራስጌ ሳይሆን ግርጌ ወይም በጎን ይሁን፤ ጭንጫ ላይ አይሁን። ቱቦውን ከመርጫው አፍ በላይ ክፍተት አድርገው ይያዙ እንጂ አያጥልቁት።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ጠርሙሱን ሩብ ያህል ውሃ ሞልተው ደህና አድርገው ይናጡት፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይገልብጡ። ሦስት ጊዜ። መርጫውንም እንዲሁ፤ እጣቢውን ያንኑ ማሳ ላይ፣ መድኃኒቱ የሳሳበት ቦታ ላይ፣ ይርጩት። ሦስት ጊዜ የታጠበውን ጠርሙስ ይብሱት፣ ዘይት ወይም ጠላ እንዳይቀዳበት። አይቅበሩት፣ ጎርፍ ውስጥም አይጣሉት፤ ከአካባቢው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግረው በአንድ ቦታ ይሰብስቡ።

መርጫ በየቀኑ የሚያጥብ ሰው፣ ለምሳሌ ለጎረቤት በክፍያ የሚረጭ፣ የስዊድን ገበሬዎች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩትን ጉድጓድ ቢሠራ ይጠቀማል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ። ከታቹ አንድ ጭብጥ ያህል ውፍረት ያለው ዋልካ ጭቃ ደልድለው ይጥቀጥቁ፤ ይህ ወለሉ ነው። ከዚያ ግማሹን የስንዴ ገለባ፣ ሩቡን ብስባሽ፣ ሩቡን ላይኛውን አፈር ቀላቅለው ይሙሉ። የጤፍ ጭድ ለከብት ይቅር። ላዩ ላይ ሰርዶ ያብቅሉ፤ ያን ሰርዶ ግን ከብት እንዳይግጠው አጥር ይደረግለት። ገለባውን የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ኬሚካሉንም ይሰባብራሉ። ለስዊድን የበቃው ግን ለእኛ ክረምት አይበቃም፤ በእኛ ዝናብ ጉድጓዱ ሞልቶ ይፈሳል። ላዩ ላይ የሣር ወይም የፕላስቲክ ክዳን በአራት ምሰሶ ይሥሩለት፣ በዙሪያውም ቦይ ይቆፈር። ገለባው በየዓመቱ ስለሚያልቅ ይጨመርበታል።

ስድስተኛ፦ የጉድጓዱን አፍ ይዝጉ

ጉድጓዱ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ አፍ፣ ክዳንና በዙሪያው የሲሚንቶ ወይም የተጠቀጠቀ ሸክላ ወለል ይኑረው። ከራስጌው ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቆፈር። በማሳውና በጉድጓዱ መካከል ቢያንስ አሥር ሜትር የማይረጭበት የሣር ክፍተት ይተዉ፤ ተዳፋት ከሆነ ሃያ። የመስከረም የውሃ ልኩ ከአምስት ሜትር ያነሰ ጉድጓድ ካለዎ፣ በዙሪያው ያለውን ሩብ ሄክታር በእጅ ማረም ይሻላል እላለሁ። ውድ ነው፤ ግን ሌላ ጉድጓድ ማስቆፈርም ርካሽ አይደለም።

የጎለበተ ምንጭ ያለው ጎጥ ከምንጩ በላይ ያለውን ቁልቁለት ባለቤት ሳያነጋግር መቀጠል የለበትም። ምንጩ የጋራ ነው፣ ማሳው የግል ነው፤ ይህን የሚፈታው ሽማግሌና ቀበሌ እንጂ መመሪያ አይደለም።

ከተማ ውስጥ ያሉ አንባቢዎች፣ በተለይ በአዘዞና በከተማዋ ዳር በግቢያችሁ ጉድጓድ ያስቆፈራችሁ፦ የግቢ ሣር በግላይፎሴት ማቃጠል ፋሽን ሆኗል። የጉድጓዱን ዙሪያ በዶማ አጽዱት።

ሰባተኛ፦ ተበክሏል ብለው ከጠረጠሩ

በቱፎርዲ የተበከለ ውሃ አንዳንዴ የመድኃኒት ሽታ ይኖረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መልኩና ሽታው እንደ ወትሮው ነው። ስለዚህ መፍሰሱን ካዩ ሽታ አይጠብቁ፤ ከዚያ ጉድጓድ መጠጣቱን ያቁሙ። ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው እየተነነ ኬሚካሉ ይቀራል። የውሃ ማከሚያው ውሃ አጋርም ለተህዋስያን እንጂ ለፀረ-አረም አልተሠራም። ከቤት ምድጃ የወጣ ከሰል ላይም አይተማመኑ። ብዙ መድኃኒት የፈሰሰበትን ጉድጓድ ውሃውን በፓምፕ አውጥተው ሜዳ ላይ ከመድፋትዎ በፊት ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገሩ፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚበከለው የጎረቤት ጉድጓድ ነው።

ለምርመራ ናሙና ሲወስዱ ጠርሙሱ ብርጭቆ ይሁን፤ በዚያው ውሃ ሦስቴ ያጥቡት፣ እስከ አፉ ይሙሉት፣ ከብርሃን ሰውረው ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፣ በሁለት ቀን ውስጥ ያድርሱት። ወረቀት ላይ የጠረጠሩትን ንጥረ ነገር ስም፣ የተረጨበትን ቀንና ዝናቡ የጣለበትን ቀን ይጻፉ። «ውሃዬ ይመርመርልኝ» ማለት ብቻ የትም አያደርስም፤ የተለመደው የውሃ ምርመራ የሚያየው ጀርምና ጨው ነው፣ ፀረ-አረም ስሙ ካልተጠራ አይፈለግም። ሰው ከታመመ ደግሞ ጠርሙሱን ወይም ስያሜውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ስሙ ነው።

የሚቀረው የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። የቀበሌው የግብርና ባለሙያና የጎጡ መሪዎች ይህን ከሐምሌ በፊት ቢያደርጉት፦ በየጎጡ ከጉድጓድና ከምንጭ የራቀ አንድ የመርጫ መሙያ ቦታ ይመረጥ፣ በርሜልና መለኪያ ሲኒ ይቀመጥበት፣ ገለባ የተሞላው ጉድጓድም እዚያው ይቆፈር። ወጪው የሁለት ሦስት ሰው የቀን ሥራና የአንድ በርሜል ዋጋ ነው። በዚህ ዓመት ስብሰባ ላይ ይጠይቁ።